የኮምፒውተር ሳይንስን መሠረት ከዜሮ መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የአራዳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነኝ፣ አራዳ ገበያ የአጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ጥራጥሬ፣ ቅመማ ቅመም፣ ዘይት እንሸጣለን። የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከኤክሴል ያለፈ ነገር አላውቅም።

ማታ ማታ ከሱቅ ስገባ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በዩቲዩብ እከታተላለሁ። አስተማሪው ሲያስረዳ ይገባኛል። እሱ የጻፈውን አይቼ ስጽፍም ይሠራልኛል። ቪዲዮውን ዘግቼ ባዶ ገጽ ስከፍት ግን እጄ አይንቀሳቀስም። ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋብኛል።

አንዱ ዌብ ተማሪ ይለኛል፣ ሌላው መጀመሪያ ሒሳብ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ካልገባሽ አይሆንም ይላል። እኔ የምፈልገው መሠረቱን ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቶሎ የምሠራበትም ነገር አለኝ። ሱቃችን ትልቅ የዱቤ ደብተር አለው። ማን ስንት እንዳለበት፣ መቼ እንደወሰደ፣ ስንት እንደከፈለ ሁሉም በእጅ ነው የተጻፈው። አጎቴ አንድ ሰው ሲፈልግ ገጹን ሲያገላብጥ ደንበኛ ይሰለፋል። አንድ ቀን ይህንን ራሴ ብሠራው ደስ ይለኛል።

ያለኝ ስልክና ከወንድሜ ጋር የምጋራው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ራሙ 4 ጊጋ ነው። መብራትም ኔትም ይቆራረጣል። ሒሳብ ላይ መካከለኛ ነኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?


ፒያሳ ዴቭ፦

እህቴ፣ በርቺ። እኔ በራሴ የተማርኩ ነኝ፣ አሁን በድረ ገጽ ሥራ ነው የምተዳደረው። ምክሬ አጭር ነው። የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋዎቹን፣ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት ያዢ። የሠራሽውን ወዲያው በዓይንሽ ታዪዋለሽ፣ ሞራል ይሰጥሻል። ሥራም ቶሎ የሚገኘው እዚያ ነው። ቲዎሪው ከሥራው ጋር አብሮ ይመጣል። ብዙ ሰው መሠረት መሠረት ሲል ዓመት ያልፍበታል።


ማራኪ 3ኛ ዓመት፦

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምማረው። እኛ ምን እንደምንማር ልንገርሽ፣ የትምህርቱን ዝርዝር ስትሰሚ እንዳትፈሪው። አንደኛ ዓመት ላይ ከሁሉም ተማሪ ጋር ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ትወስጃለሽ። ከዚያ ፕሮግራሚንግ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ ዲስክሪት ሒሳብ፣ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም፣ የኮምፒውተር አደረጃጀት፣ ዳታቤዝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ ይከተላል። እኔን ከሁሉም የጠቀመኝ ዳታ ስትራክቸር ነው። ከሁሉም የከበደኝም እሱ ነው።

ሰርተፍኬት ከፈለግሽ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና አለ። በነፃ ነው። የፕሮግራሚንግ መነሻ የሚለውን መርጠሽ መግባት ትችያለሽ።


ጠመኔ፦

እታለም፣ እንኳን ጠየቅሽ። እዚሁ ጎንደር ለጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንቺ የጻፍሽውን፣ ቪዲዮው ሲከፈት ገብቶ ሲዘጋ የሚጠፋውን፣ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አየዋለሁ። ጎበዝ የሚባሉት ላይም አየዋለሁ። ስለዚህ በራስሽ ተስፋ አትቁረጪ።

እኔ እንደማየው የጎደለሽ አንድ ነገር ነው። ኮዱን ታነቢዋለሽ፣ ማሽኑን ግን አትከተይውም። አንድ መስመር ካለፈ በኋላ ሜሞሪው ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ቁጥሮቹን በሚይዝበት ቦታ፣ ምን እንዳለ በወረቀት መጻፍ የቻለ ሰው መሠረቱን ይዟል። ይህን የሚችል ሰው ሲ ፕላስ ፕላስም ይሁን ፓይተን፣ ቋንቋው ብዙም አያስቸግረውም። ይህን የማይችል ሰው ግን ሦስት ቋንቋ ቢጀምርም ሦስቱም ላይ እዚያው ቦታ ይቆማል።

ስለዚህ ላፕቶፑን ዝጊውና ደብተርና እርሳስ አውጪ። መብራት ቢጠፋም አይቸግርሽም። ከዱቤ ደብተራችሁ አምስት ሰው ውሰጂ። ዕዳቸው በተርታ 450፣ 1200፣ 300፣ 1850 እና 700 ብር ነው እንበል። ትልቁ ዕዳ የቱ ነው? አንቺ አንዴ አየት አድርገሽ 1850 ትያለሽ። ማሽኑ እንደዚያ አያይም። በአንድ ጊዜ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚያወዳድረው። ትእዛዙ እንዲህ መሆን አለበት፦

«ትልቅ» የሚባል ቦታ ያዝ፣ የመጀመሪያውን ዕዳ አስቀምጥበት።
ከሁለተኛው ጀምረህ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ሂድ።
የደረስክበት ዕዳ ከ«ትልቅ» ከበለጠ፣ እሱን «ትልቅ» ውስጥ ተካው።
ስትጨርስ «ትልቅ»ን አሳይ።

አሁን አንቺ ማሽኑ ሁኚ። ምንም ሳትጨምሪ፣ እንደታዘዝሽ፦

ሲጀመር፤ ትልቅ = 450
1200 ከ450 ይበልጣል? አዎ። ትልቅ = 1200
300 ከ1200 ይበልጣል? አይበልጥም። ትልቅ = 1200
1850 ከ1200 ይበልጣል? አዎ። ትልቅ = 1850
700 ከ1850 ይበልጣል? አይበልጥም። ትልቅ = 1850

ቀላል ይመስላል። ግን ፕሮግራም የሚባለው ነገር ሦስት አጥንቱ እዚህ አለ፤ ማስቀመጥ፣ መደጋገም፣ መጠየቅ። ብዙ ተማሪ «ትልቅ»ን በዜሮ ያስጀምራል። ለተለመደ ዕዳ ይሠራል። ግን ቀድመው ብር ያስያዙ ደንበኞች ሊኖሯችሁ ይችላል፣ የእነሱ ዕዳ ከዜሮ በታች ነው። የእነሱን ዝርዝር ብቻ ብትሰጪው ማሽኑ ትልቁ ዕዳ ዜሮ ነው ይልሻል። ዝርዝሩ ላይ ዜሮ የሚባል ዕዳ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት የያዘ ሰው ኮድ ላይም ይይዘዋል።

ስለ ሒሳቡ አትጨነቂ። ለመጀመሪያው ጉዞ የሚያስፈልግሽ መደመር፣ መቀነስ፣ ማካፈልና ቀሪ ነው። ቀሪውን አደራ። ከዚያ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉትን በትክክል መጠቀም። «ዕዳው ከ1000 ብር በላይ የሆነ እና ወር ያለፈው» ስትዪ ሎጂክ ሠርተሻል። ጆርጅ ቡል የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው ሥራው እነዚህን ቃላት እንደ ሒሳብ አሰላቸው። ክላውድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1937 በማስተርስ ጥናቱ ያ ሒሳብ በኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ እንደሚሠራ አሳየ። ስልክሽ ውስጥ ያለው ቺፕ ዛሬም በዚያው ነው የሚሄደው።

ሁለትዮሽ ቁጥርን፣ በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፈውን፣ ደግሞ በዚህ እዪው። በውጭ የሒሳብ ጽሑፎች የኢትዮጵያ ማባዣ የሚባል ዘዴ አለ። የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣም ይሉታል፣ ለጥንታዊ ግብፅ ዘዴም ቅርብ ነው። በእጥፍና በግማሽ ብቻ ማባዛት ነው። 13 ኪሎ በ85 ብር ስንት ነው? በግራ 13ን እያጋመስሽ ውረጂ፣ ትርፉን ጣይ። በቀኝ 85ን በእጥፍ እያሳደግሽ ውረጂ።

13 እና 85
6 እና 170
3 እና 340
1 እና 680

ግራው ሙሉ የሆነበትን፣ ማለትም ለሁለት ያለ ቀሪ የሚካፈልበትን፣ መስመር ሰርዢ። እዚህ 6 ብቻ ነው። የቀሩትን ቀኞች ደምሪ፣ 85 ሲደመር 340 ሲደመር 680፣ 1105። አሁን የግራውን ዓምድ ከታች ወደ ላይ እዪው። ጎዶሎ ከሆነ 1፣ ሙሉ ከሆነ 0 ጻፊ። 1101 ይመጣል። ይህ 13 በሁለትዮሽ ሲጻፍ ነው። እኔ ይህን ሰሌዳ ላይ ስሠራው ክፍሉ ሁልጊዜ ዝም ብሎ ያያል፣ ከዚያ ሁሉም የራሱን ቁጥር ይዞ ይሞክራል። አንቺም የሱቁን ዋጋ ይዘሽ ሞክሪው።

ቀጥሎ ፊደላችንን ውሰጂ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ሀ 4608 ተባለ። ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ሆ 4614 ላይ ይደርሳል። ለ 4616 ላይ ይጀምራል። ለየቤቱ ስምንት ስምንት ቦታ ነው የተያዘለት። ስለዚህ ማካፈልና ቀሪ ብቻ ይዘሽ ፊደሉን ታውቂዋለሽ። የጎንደር «ጎ» ቁጥሩ 4878 ነው። 4608 ቀንሺለት፣ 270። ለ8 ሲካፈል 33፣ ቀሪ 6። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ቀሪ 0 ግዕዝ ነው፣ 1 ካዕብ፣ 6 ደግሞ ሳብዕ። ጎ የገ ሳብዕ ነው፣ ልክ ነው። የኔታ ያስቆጠሩንን ሰንጠረዥ ማሽኑ በማካፈል ያነበዋል ማለት ነው። እኔ ይህን በጣም ነው የምወደው።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዱቤ ደብተርሽ ላይ ነገ ይመጣብሻል። አንድ ደንበኛ ኃይሉ ይባላል። አጎትሽ አንድ ጊዜ «ኃይሉ»፣ ሌላ ጊዜ «ሀይሉ»፣ ሌላ ጊዜ «ሃይሉ» ብለው ይጽፉታል። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለማሽኑ ሦስት ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል 4739፣ 4608፣ 4611 ነውና። ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ የተጻፈ ዕዳ ደግሞ ለሱቁ ኪሳራ ነው። መፍትሔው ከማወዳደርሽ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ማምጣት ነው። የሐን ቤት ወደ ሀ ቤት ለማምጣት 16 ትቀንሻለሽ። የኀን ቤት ለማምጣት 128። ኃ 4739 ነው፣ 128 ሲቀነስ 4611፣ ሃ ሆነ። ሃን ደግሞ ለብቻው ወደ ሀ ትመልሺዋለሽ። ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንዲሁ። ግን ይህ ለፍለጋ ብቻ ይሁን። የሰውዬው ስም በራሱ አጻጻፍ እንዳለ ይቀመጥ፣ ደረሰኝ ላይም እንደዚያው ይውጣ። የሰው ስም ነው።

ሒሳብ ያዥ ስለሆንሽ አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ፓይተንን 0.1 ሲደመር 0.2 ብትዪው 0.30000000000000004 ይልሻል። አልተበላሸም። 0.1 በሁለትዮሽ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም፣ እኛ አንድን ለሦስት ስናካፍል እንደማያልቀው። ስለዚህ ብርን በነጥብ አታስቀምጪ። ሁሉንም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ያዢ። 12 ብር ከ50 ማለት 1250 ነው። ስታሳዪ ብቻ ለ100 አካፍዪ።

ለደንበኛ በኤስኤምኤስ ማስታወሻ የመላክ ሐሳብ ከመጣሽም፣ አንዱ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ምክንያቱ ያው የፊደሉ ቁጥር ትልቅነት ነው።

ፍለጋው ላይ ደግሞ አጎትሽ ገጽ የሚያገላብጡበት ጉዳይ አለ። አንድ ሺህ ደንበኛ ካላችሁና ስሙ ያለ ተርታ ከተጻፈ፣ ማሽኑም ከላይ እስከ ታች ይሄዳል፣ ሲከፋ ሺህ ጊዜ ያወዳድራል። በፊደል ተራ ከተደረደረ ግን መሐሉን ይከፍታል። የሚፈልገው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ግማሹን ይጥላል። እንደገና መሐሉን። ለሺህ ስም ቢበዛ 10 ጊዜ ይበቃል። ለሚሊዮን ስም 20። ሺህ እጥፍ ሲጨምር ሥራው በ10 ብቻ ነው የጨመረው። የማራኪው ልጅ ከበደኝ ያለው ዳታ ስትራክቸር በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። ዕቃውን እንዴት ባስቀምጠው ፍለጋው ይቀለኛል? አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እንደገና መደርደርስ ምን ያስከፍለኛል?

ፒያሳ ዴቭ ስለ ሥራ ያለው እውነት ነው፣ ዌብም ጥሩ ነው። እኔ የማልስማማው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እሷ ማወቅ የምትፈልገው ውስጡን ነው፣ ጠይቃለችም። ሰርተፍኬቱንም ውሰጂ፣ አይከፋም። ግን ከወረቀቱ ሥራ በኋላ ይሁን።

መሣሪያ በተመለከተ ያለሽ ይበቃል። ላፕቶፑ ላይ ቶኒ የሚባለውን የፓይተን መጻፊያ ጫኚ። ለጀማሪ ተብሎ ኢስቶኒያ ውስጥ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፣ ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኔት አይፈልግም። ኮዱን መስመር በመስመር እያስኬደ እንደ «ትልቅ» ያሉ ቦታዎች እያንዳንዳቸው ምን እንደያዙ በጎን ያሳይሻል። በወረቀት የሠራሽውን ከእሱ ጋር አስተያዪ። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ፓይድሮይድ 3 ይሠራል፣ እሱም ያለ ኔት። ይህን ከለመድሽ በኋላ የሃርቫርድን የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ፣ የሲኤስ 50ን ቪዲዮዎች ኔት ባለበት አውርጂ። ስክራች በሚባል የጀማሪ ቋንቋ ይጀምራል፣ ሲ ወደሚባለው ቋንቋ ይገባል፣ ከዚያ ፓይተን። ሲ ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው ይጥለዋል። አንቺ ሜሞሪውን በእጅሽ የተከተልሽ ስለምትሆኚ አታቆሚም ብዬ ነው የማስበው። ሌላ ኮርስ ግን አብረሽ አትጀምሪ።


የአራዳዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ በጣም ነው የማመሰግነው። ሌሎቻችሁንም እንዲሁ።

ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ማባዣውን በምስር ዋጋ ሞከርኩት፣ አጎቴ በካልኩሌተር አይቶ ልክ ነው አለኝ፣ ከዚያ ራሱ አንድ ቁጥር ሰጥቶ እንደገና አሠራኝ። የደብተሩን ስሞችም አየሁ። እርስዎ ያሉት ነገር እውነት ነው። «ጸሐይ» እና «ፀሐይ» ተብላ ሁለት ገጽ ላይ ያለች ደንበኛ አግኝቻለሁ።

ትልቁን ዕዳ ስፈልግ ግን ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንደኛ፣ መልሱ ቁጥሩን ይሰጠኛል፣ የማን እንደሆነ አይነግረኝም። አጎቴ የሚፈልገው ስሙን ነው። ሁለተኛ፣ እኩል 1850 ብር ያለባቸው ሁለት ሰዎች አሉ። በወረቀት ስከተለው የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚቀረው። ሁለተኛው ለምን ጠፋ?


ማራኪ 3ኛ ዓመት፦

«ይበልጣል» የሚለውን «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» አድርጊው። ያኔ ሁለተኛው ይቀርልሻል።


ጠመኔ፦

ማራኪ፣ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ያኔ ደግሞ የመጀመሪያው ይጠፋል። ሁለቱም ትእዛዝ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስቀረው፤ ልዩነቱ የትኛው እንደሆነ ነው።

እታለም፣ ይህን ያየሽው በእጅሽ ስለተከተልሽው ነው። 1850 ሁለተኛ ሲመጣ ጥያቄው «1850 ከ1850 ይበልጣል?» ነው። አይበልጥም። ስለዚህ ምንም አልተነካም፣ አለፈ።

ለስሙ መፍትሔው ይኸውልሽ። «ትልቅ» ውስጥ ዕዳውን ሳይሆን የሰውዬውን ተራ ቁጥር አስቀምጪ። ስታወዳድሪ በተራ ቁጥሩ ሄደሽ ዕዳውን ታያለሽ። መጨረሻ ላይ በዚያው ተራ ቁጥር ስሙንም፣ ዕዳውንም፣ ቀኑንም ታወጫለሽ።

ለእኩሎቹ ሁለት ጊዜ ሂጂ። በመጀመሪያው ዙር ትልቁን ዕዳ እወቂ። በሁለተኛው ዙር ባዶ ዝርዝር ይዘሽ ተነሺ፣ ዕዳው ከዚያ ጋር እኩል የሆነውን ሰው ሁሉ ስሙን ጨምሪበት። በአንድ ዙር መጨረስም ይቻላል። የበለጠ ሲመጣ ዝርዝሩን ባዶ አድርገሽ እሱን ታስገቢያለሽ፣ እኩል ሲመጣ ትጨምሪያለሽ። ሁለቱንም በወረቀት ሠርተሽ የትኛው እንደሚቀልሽ እዪ። ለአራዳ ሱቅ ደብተር ሁለት ዙር ምንም አያዘገይም፣ እኔ የሚነበበውን እመርጣለሁ።

ከዚያ ቶኒ ላይ ጻፊው። ኮዱ ውስጥ ለቦታዎቹ የምትሰጫቸውን ስሞች በአማርኛ ማድረግ ትችያለሽ፣ ፓይተን 3 «ትልቅ»ን ይቀበላል፣ «ዕዳ»ንም ይቀበላል። የጸሐይን ሁለት ገጽ ግን ኮድ እስኪጻፍ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ለአጎትሽ አሳይተሽ አንድ ላይ አድርጉት። ስህተት ካወጣብሽ መልእክቱን ሳትቆርጪ እዚህ ለጥፊው፣ ከወረቀቱ ፎቶ ጋር።